የጋስፓር የሕመም ፈቃድ

ዘመኑ ርቋል፤ አንዳንዱን ነገር ላሳስት እችላለሁ። ሐኪሙ የመጣው ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ፣ ምዬ አልናገርም። ያየሁትንና የነገሩኝን ግን ሳልጨምር ነው የምጽፈው። ያኔ ፈረንሳይ አገር፣ ኦሪያክ ከተማ፣ የጃንጥላ ፋብሪካ በር ጠባቂ ነበርኩ።

ጋስፓር ደልማስ የጃንጥላ እጀታ ገጣሚ ነበር። በመጋቢት የሕመም ፈቃድ ወረቀት ላከና ከሥራ ቀረ። በሳምንቱ ከሶላንዥ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዞ ገበያ ውስጥ ታየ። ሶላንዥ አይብ ሻጭ ናት፤ ባሏን ሦስት ዓመት አስታማ የቀበረች፣ ሳቋ ከገበያው ማዶ የሚሰማ።

ወሬው ፋብሪካውን ሞላው።

"የእሱስ ሕመም አይብ አይብ ይሸታል!" ይላሉ ሴቶቹ።

ሶላንዥ ራሷም አልደበቀችም። በበሩ ስታልፍ፣ "ምን አሞት ነው?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ምን ያመዋል! ከእኔ ጋር ለመዋል ብሎ ነው። ራሱ ነግሮኛል፣ ጌታዬ። እውነት ቢያመው ኖሮማ ደጄን አያያትም ነበር። በሽተኛ ማስታመም በቃኝ ብዬዋለሁ።"

የሕመም ፈቃድ የወጣ ሰው ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ቤቱ መገኘት አለበት። ስለዚህ ፍቅራቸው በሰዓት ነበር። ስምንት ሊሞላ ሲል ሁለቱ ወደ እሱ ቤት ዳገቱን ሲጣደፉ እናያለን። ጋስፓር መሃል ላይ፣ "ቆይ፣ በሽተኛ መምሰል ልለማመድ" ብሎ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። እሷ በሳቅ ትፈርሳለች።

አለቃችን ማዳም ቪጉሩ ወሬው ደረሳቸውና ሐኪም ላኩበት።

እሱ ቤት የነበረችው ሶላንዥ ሐኪሙን በመስኮት ስታየው ደንግጣ የጋስፓርን ፊት በዱቄት አሸችው። ሐኪሙ ገብቶ የመኝታ ቤቱን በር ዘጋ። ግማሽ ሰዓት ቆየ። ሲወጣ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ "ፈቃዱ ይቀጥላል፣ ማዳም" አላትና ሄደ።

"ሐኪሙን እንኳ ሸወድከው!" አለችው።

"ያለቦታዬ ነው ጃንጥላ የምሠራው፤ ቲያትር ቤት ነበር የሚገባኝ" አላት።

በነጋታው ግን ሳቋ ጠፋ። የእሱን ድርሻ ሌሎች ደርበው እንደሚሠሩ ሰምታለች።

"ስማ፣ ጋስፓር" አለችው። "እኔ ውሸታም አላገባም። እስከ ዓርብ ለማዳም እውነቱን ካልተናገርክ፣ ቀለበትህን ይዘህ ከፊቴ ጥፋ።"

ዓርብ ጠዋት ሁለቱም መጡ። እሱ ወደ ቢሮ ገባ፤ እሷ ከእኔ ጋር በር ላይ ቀረች። የቢሮው ግድግዳ መስታወት ስለሆነ ይታያል እንጂ አይሰማም። ጋስፓር ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ ያወራል። ማዳም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ወይኔ፣ ተቆጡ!" አለች ሶላንዥ፣ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ።

ጋስፓር ወጣ።

"አባረሩኝ" አላት ፈገግ ብሎ።

አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት። "ያባርሩህ! አይብ ሻጭ እያለችህ ምን አሳሰበህ? የእኔ እውነተኛ!"

ሰኔ ላይ ተጋቡ። ዝናቡ አላባራ ስላለ ሙሽሮቹን በጃንጥላ ከልለን ነው ያሳለፍናቸው። ማዳም ቪጉሩም መጥተው ጋስፓርን አቅፈው ሳሙት።

"ቂም የማያውቁ ሴት!" አለች ሶላንዥ።

ስለ እነሱ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ዕለት ነው። ሶላንዥ ብቻዋን መጣች። ማዳም ወንበር አምጣላት ብለውኝ ይዤ ስገባ፣ እየለመነቻቸው ነበር።

"መልሰው ይቅጠሩት፣ ማዳም። ከተባረረ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎታል፤ ልብሱ ሁሉ ሰፍቶታል። የሥራ ናፍቆት ነው። አዎ፣ አንዴ ዋሽቷል፤ ግን እዚሁ ቆሞ እውነቱን ነግሮዎት የለም?"

ማዳም ቪጉሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔ አላባረርኩትም፣ ልጄ። ዛሬም በሕመም ፈቃድ ላይ ነው። ያን ቀን የመጣው፣ 'መታመሜን እንዳታውቅብኝ፣ ከጠየቀችዎ አባረርኩት ይበሏት' ብሎ ሊለምነኝ ነው።"