የጋራው ፓስወርድ

ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ እንዳረፉ ቀሩ። የቢሮው ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ከጀርባዋ ቆሞ ስክሪኑን ያይ ነበር። ሁሉም ኮምፒውተሩ ውስጥ በአንድ ፓስወርድ ሲገቡ ኖረው፣ የሌሞ ወረዳ ገበሬዎች የመሬት መረጃ የጠፋ ጊዜ ማን እንዳጠፋው ሳይታወቅ ቀረ። ከኮምፒውተር ሥልጠና እንደተመለሰች እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ፓስወርድ እንዲኖረው ጠየቀች፤ ዛሬ በራሷ ጀመረች።

“ዞር በሉልኝ” አለች።

“ከመቼ ወዲህ ነው የምንደባበቀው?” አለች ጓደኛዋ ተቀይማ። “ከኃላፊያችንም?”

“ከጋሼም።”

ሽማግሌው ኃላፊ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያም ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ፣ በመንገዱ ወደሚያልፉት የፈረስ ጋሪዎች አዞሩ። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሏቸው።

ጽፋ ጨርሳ ስትነሣ ኃላፊው ወንበሯ ላይ ተቀመጡ።

“ተራው የእኔ ነው” አሉ። “በይ፣ አንቺም ዙሪ።”