ከቁርስ ጠረጴዛ የተጻፈ ሪፖርት

ሃያ ዓመት የወንጀል መርማሪ ሆኜ ስሠራ፣ ሬሳ የተገኘበት ቤት ሳልረግጥ የጻፍኩት ሪፖርት ይበዛል። ስንፍና ነው፤ ዓመል ምን ይደረጋል። ፎቶ አንሺውን እልካለሁ፤ እኔ ብቻዬን በምኖርበት ቤት፣ ቁርስ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ ዓይኔ ያረፈበትን እጽፋለሁ።

ዛሬም ጠዋት ፎቶ አንሺውን ሬሳ ወደተገኘበት ቤት ልኬ እንደዚያው አደረግኩ፦ ሰማያዊ መጋረጃ፣ እጀታው የተሰበረ ስኒ፣ ሦስት ሰዓት ላይ የቆመ የግድግዳ ሰዓት። ሟቹን ከራሴ ፈጥሬ ጠረጴዛ ሥር፣ በባዶ እግሩ አስተኛሁት። ፈርሜ ለፎቶ አንሺው ላክሁለት።

ብዙም ሳይቆይ ደወለ።

«ጋሼ፣ ለካ ቀድመውኝ መጥተው ኖሯል! እኔ እኮ እንደ ልማድዎ ፈጥረው የጻፉ መስሎኝ ነበር።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«መጋረጃው፣ ስኒው፣ የቆመው ሰዓት፣ ሁሉም እንዳሉት ነው።»

«ሟቹስ?»

«እሱ ነው ግራ የገባኝ። ፖሊሶቹ ጠዋት ጠረጴዛው ሥር አይተነዋል ይላሉ፤ አሁን ግን ደሙ ብቻ ነው ያለው። መቼም ሬሳ እግር አውጥቶ አይሄድ! የት አስወሰዱት?»

ስልኩን እንደያዝኩ፣ ጠረጴዛዬ ሥር እግሬን ዘረጋሁ።

ተረከዜ የቀዘቀዘ ባዶ እግር ላይ አረፈ።