የሁዳዴ እንክብል

አቻምየለሽ ብልቃጡን ትሪው ላይ ገለበጠችው። ቀያዮቹ እንክብሎች እየተንከባለሉ ወጡ። ሁዳዴ ሲገባ የገዛቻቸው ናቸው፤ ሆሣዕና ደርሶም አንድ አልጎደለም።

«እማዬ፣ አልዋጥሽውም?»

እናቷ ወይዘሮ ወርቅውሃ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ፋሲካ ይለፍ ብዬ ነው። ሽፋኑ ከከብት አጥንት ነው የሚሠራው አለችኝ ጠጄ።»

«ጎረቤት ጠጄ ደግሞ መቼ ነው ሐኪም የሆነችው?»

«ልጇ ፋርማሲ ይሠራል። ዋሸች?»

አልዋሸችም። አቻምየለሽን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

«የንስሐ አባትሽን ብትጠይቂ መድኃኒት ጾም አያስገድፍም ይሉሽ ነበር።»

«ምን ብዬ ልጠይቅ? ፋብሪካው የሌሊት ሺፍት ሲያስቆመኝ፣ አንቺን አርግዤ እንኳ ያልገደፍኩትን፣ ዛሬ ለዓይኔ ብዬ ልግደፍ?»

ሐኪሙ የፋብሪካ ሰፈር የአቃቂ ሰዎች መሆናቸውን ሲሰማ በብረት እየመሰለ ነበር ያስረዳቸው። ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ገላ እርጅና እንደ ዝገት ይበላዋል። እንክብሉ አንቲረስት፣ ብረት የሚቀባው የዝገት መከላከያ ነው፤ የተበላውን አይመልስም፣ የቀረው ግን ቶሎ እንዳያልቅ ይይዛል። የእናቷ ግራ ዓይን አልቆ ነበር። የቀረው ቀኙ ነው።

«ግራሽን ሸፍኚና የመስኮቱን ብረት እዪ።»

ብረቱ የጎበጠ ከመሰላቸው ሳይውል ሳያድር አምጪያቸው ብሏታል ሐኪሙ።

«ቀጥ ያለ ነው» አሉ እናቷ ግራ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው።

«ሳታዪ እኮ ነው የመለስሽው!»

«ቀጥ ያለ ነው አልኩሽ! ስንት ዘመን የሽመና መኪና ላይ ቆሜ አንዲት ክር ስትጣመም ከሩቅ የምለይ ሴት ነኝ፤ አንቺ ነሽ ብረት የምታስተምሪኝ?»

ይህን ብለው ፊታቸውን ቀስ አድርገው ወደ ግድግዳው አዞሩ። የአቻምየለሽ ቁጣ ወዲያው በረደ።

«አኮረፍሽ? በቃ ተይው፣ አልናገርሽም።»

«ምን ያስኮርፈኛል።» እጃቸው አሁንም ግራ ዓይናቸው ላይ ነው። «መሐሉ ጠቆረብኝ፣ ልጄ። ፊት ለፊት ሳይሽ ፊት የለሽም። እንዲህ ዞር ስል ግን በዓይኔ ጥግ በኩል ትመጪልኛለሽ።»

ጾሙ ይሁን እርጅናው፣ ማን ያውቃል። አቻምየለሽ እንክብሎቹን ልትሰበስብ የዘረጋችውን እጅ መለሰችው፤ ከዚያች ጥግ እንዳትወጣባቸው ፈርታ፣ ትንፋሿን ይዛ ባለችበት ቆመች።