ከምድር ቤቱ የሚመጣው ዘፈን

ዘፈኑ ድንገት ቀጥ ይላል።

አሱንታ ሽንኩርት መክተፏን ትታ ጆሮዋን ወደ ምድር ቤቱ በር ትጥላለች። ምንም የለም። ልጇ ኤልቪራ ከሬዲዮ የለመደችው የፍቅር ዘፈን መሀሉ ላይ ቆሟል።

«ትንፋሽ እየወሰደች ነው» ይላሉ አማቷ ጌታኖ፣ ከያዙት ካርታ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ። ወገባቸውን ስለያዛቸው ዘንድሮ የወይኑን በርሜል የምታማስለው የልጅ ልጃቸው ናት።

«ትንፋሽ ይህን ያህል አያቆይም፣ አባባ።»

«አንቺ ደግሞ፣ ሰው ባነጠሰው ቁጥር የሬሳ ሣጥን ታማርጫለሽ።»

«እውነትህን ነው፣ አበልጄ» ይላሉ ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት ጎረቤታቸው ቪንቼንዞ። «ባለፈው ሳል ይዞኝ ብታየኝ ለሚስቴ ጥቁር ልብስ ልታውሳት ነበር።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ይስቃሉ። አሱንታ አትስቅም።

በደቡብ ፊላደልፊያ፣ በእነሱ መንገድ፣ ጥቅምት ሲገባ በየምድር ቤቱ ወይን ይፈላል፤ ወደ ታች የሚወርድም ሰው ሁሉ ይዘፍናል። ደስ ብሎት አይደለም። የፔትሪሎ ወንድማማቾች ከሞቱ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው፤ ዘፈኑ እስከተሰማ ድረስ የወረደው ሰው በሕይወት አለ። የሚፈላ ወይን የሚተፋው አየር መልክ የለውም። ወለሉ ላይ ይተኛና እንደ ውሃ እየሞላ ሰውን በቁሙ ያሰጥማል። ያኔ ታናሽየው ወርዶ ዝም አለ። ታላቅየው ስሙን እየጠራ ተከተለው። ሁለተኛ ሲጠራው የሰማ የለም።

ኤልቪራ ቅድም ስትወርድ ተነጫንጫ ነበር። «እማዬ፣ በዚህ ዘመን ማን ይዘፍናል? የትምህርት ቤት ልጆች በዚህ ሲያልፉ ቢሰሙኝስ?»

«መስኮቱ ተወትፏል፣ ማንም አይሰማሽም» ብለዋት ነበር አያቷ።

መስኮቱ ተወትፏል። አሱንታ አሁን ነው ነገሩ የሚገባት፤ ክፉው አየር መውጫ የለውም። መጠጥ በተከለከለበት ዘመን የወይኑ ሽታ ፖሊስ አፍንጫ እንዳይደርስ፣ መንገዱ ሙሉ የምድር ቤት መስኮቱን በጨርቅ ወተፈ። ሕጉ ከተሻረ ቆየ። የያኔው ፖሊስ እንኳ ጡረታ ወጥቶ ለገና ከጌታኖ ወይን ይቀዳለታል። ጨርቁ ግን በየዓመቱ፣ ወይኑ ሲጨመቅ፣ ይወተፋል።

«አባባ፣ መስኮቱን አልከፈቱትም?»

«ለምን ብዬ? ሰፈሩ ወይኔን እንዲያሸት?»

አሱንታ ግድግዳው ላይ ባለው የቅዱስ ሥዕል ፊት የሚበራውን ሻማ ታነሣለች። የካርታ ጨዋታው ይቆማል።

በሩን ስትከፍት አምፖሉ ከታች ቦግ ብሏል። ባሏ አምና ያስገባው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሻማ ይዞ የሚወርድ ጠፋ። አምፖል ግን ሰው ታፍኖም ይበራል።

ትወርዳለች። የሻማው ነበልባል ያጥራል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ነፋስ ሳይነካው ይጠፋል። ከደረጃው ግርጌ ላይ አንድ እጅ ታያለች። ኤልቪራ ማማሰያውን ጥላ ወደ ላይ ልትወጣ ሞክራ ነበር።

የኤልቪራ ስም አፏ ላይ ይመጣል።

አሱንታ የልጇን ስም ስትጠራ የኖረች ሴት ናት። ኤልቪራ ሻርፕሽን፣ ኤልቪራ መኪናውን፣ ኤልቪራ ከደረጃው ጫፍ ራቂ። አሁን ብትጠራት ግን፣ ከጠራች በኋላ ያንን አየር መተንፈሷ አይቀርም። ሳትጠራ ወደ ላይ ትመለሳለች፣ ደረቷን በአየር ትሞላለች፣ ጥርሷን ነክሳ ትወርዳለች።

ልጅቷ እንደ ጆንያ ከብዳለች። አሱንታ በብብቷ ይዛ ወደ ኋላ፣ ደረጃ በደረጃ ትጎትታለች። ጆሮዋ ውስጥ ደም ይመታል።

«ኤልቪራ!» ጌታኖ ናቸው፣ ከላይ። «ኤልቪራዬ!» እግራቸው ደረጃውን ረግጧል፤ እየጠሩ ሊወርዱ ነው፣ ልክ እንደ ታላቅየው ፔትሪሎ። ተመለሱ ልትላቸው አትችልም። ዞር ብላ በጭንቅላቷ ሆዳቸውን ትገፋለች። ሽማግሌው ይንገዳገዳሉ። ቪንቼንዞ የሱሪ ማንገቻቸውን ይዘው ወደ ኋላ ይስቧቸዋል፤ በሌላ እጃቸው ደግሞ የልጅቷን ቀሚስ ይይዛሉ።

ተጋግዘው ከቤት ያወጧትና ደጃፉ ላይ ያስተኟታል። ከንፈሯ የወይን አተላ መስሏል። አሱንታ አሁን መተንፈስ ትችላለች፣ መጥራትም ትችላለች። ድምፅዋ ግን እምቢ ይላታል። የልጇን ጉንጭ ትመታለች፣ ደረቷን ታሻለች፣ እንደገና ትመታታለች።

ጌታኖ ያን ወገባቸውን አጥፈው ይንበረከካሉ። ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም። በሻከረ ድምፅ፣ ልጅቷ ያቋረጠችውን ዘፈን ይቀጥላሉ። ዜማውንም ቃሉንም ያበላሹታል። ጎረቤቶች በየመስኮቱ ብቅ ይላሉ። ሽማግሌው ስንኙን ጨርሰው እንደገና ይጀምራሉ።

ኤልቪራ ትስላለች። ደግማ ትስላለች።

«እንደሱ አይደለም፣ አባባ» ትላለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ጌታኖ እየዳሁ ወደ ምድር ቤታቸው መስኮት ሄደው ጨርቁን መምዘዝ ይጀምራሉ። አጥብቀው ነበር የወተፉት። የመጨረሻው ቡትቶ ሲወጣ የወይኑ ሽታ መንገዱ ላይ ይፈስሳል።

ቪንቼንዞ ቆመው ያሸታሉ። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው በራሳቸው መስኮት ፊት ይንበረከካሉ።

አሱንታ መዳፏን ከልጇ ደረት ላይ አላነሣችም። ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማታል። ቀና ስትል፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ሰዎች አስፋልቱ ላይ ተንበርክከዋል፤ ከየመስኮቱ የካፖርት እጅጌ፣ የአልጋ ልብስ ቁራጭ፣ የልጅነት ቀሚስ እየተመዘዘ ይወጣል።