ዝም አልል ያለችው ጀልባ

የቡ ቻንሶክ ጀልባ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሞተሯ ሲነሳ የጄጁ ደሴት ወደብ ውሾች ሁሉ ይጮኻሉ፤ ጩኸታቸውን ግን የሚሰማ የለም።

በየማለዳው አሥራ ሁለት ጠላቂ ሴቶችን ወደ ባሕር ታወጣለች። በዚያ ጩኸት ማንም ስለማይሰማ ሴቶቹ መንገድ ላይ የሚነጋገሩት በእጅ ምልክትና ከንፈር በማንበብ ነው። በነሐሴ ታክቷቸው ቁርጡን ነገሩት፦ የባሕር ቀንድ አውጣ መልቀሚያው ወቅት እስኪከፈት ጀልባዋ ዝም ካላለች ወደ ዓሣ አጥማጁ ካንግ አዲስ ጀልባ ይሄዳሉ። ያለ እነሱ ቻንሶክ ጀልባዋን ለማገዶ ከመፍለጥ ሌላ ምርጫ የለውም።

አዲስ ማርሚታ የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው ሴቶቹ ያረጁ የመጥለቂያ የጎማ ልብሶቻቸውን ሰጡት። ከሁሉ ቀድማ ሦስት ያመጣችለት አለቃቸው ህዮን ኦክሱን ናት። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በደሴቱ ልማድ ሁሉም «ሳምቹን» ይሏታል፣ እንደ ማንኛውም ታላቅ ሰው። በጸደይ የመመለሻ ጥሩምባ ያልሰማች አንዲት ባልንጀራቸውን ከሥራ ያሰናበተችውም እሷ ናት። ደንቡ ጆሮዋ የማይሰማ አትጠልቅም ይላል፤ ኦክሱን ደግሞ ደንብ አታጣምም።

ቻንሶክ ልብሶቹን ቆራርጦ በሞተሩ ሳጥን ውስጥ በማስቲሽ ደራርቦ ለጠፋቸው። የክዳኑን ክፍተት በጎማ ደፈነ። ድንጋይ የሆኑትን የሞተር እግር ጎማዎች ከተጣለ ጀልባ በፈታቸው ቀየረ። በማግስቱ ሞተሩ የሩቅ ወፍጮ ያህል ብቻ ተሰማ።

«እሰይ፣ የገዛ ድምፄን ሰማሁት» አለች ቹንሲም፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላት የሁሉ ታናሽ።

«እኛ ደግሞ ምነው ባልሰማነው» አለቻት ከጎኗ ያለችው።

ሁሉም ሳቁ። ኦክሱን ፊቷን ወደ ባሕር እንዳዞረች ተቀምጣለች።

«ሳምቹን፣ ዛሬ የትኛው አለት ጋ ነው የምንወርደው?» አለች ቹንሲም።

ኦክሱን ባሕሩን ማየቷን ቀጠለች።

«ተዪያቸው፣ ተቀይመዋል» አለቻት ያቺው ከጎኗ ያለችው። «አለቃ ሲያረጅ መቀየሚያ አያጣም።»

በሦስተኛው ቀን ጀልባዋ እንደ ድሮዋ አገሳች። ቻንሶክ ክዳኑን ቢከፍት የጎማው መድፈኛ ተገሽልጧል፤ የሞተሩ እግር ብሎኖች ላልተዋል። ለጠፈ፣ አጠበቀ። ሁለት ቀን አልቆየም፣ ያው ሆነ። እንደገና ሠራው፤ እንደገና ተፈታ። ጣቱን በቢላ ቆረጠ፤ ማስቲሹ አለቀ፤ ምግብ አልበላ አለው።

«ካንግ ነው» አለች ቹንሲም። «እናቱም እንዲሁ ነበረች።»

ቻንሶክ ካንግን ወደቡ ላይ አገኘው።

«እጅህን ከጀልባዬ ላይ አንሳ።»

«የእኔ እጅ ዓሣ እንጂ ዝገት አይነካም» አለ ካንግ፤ የሲጋራውን አመድ አራገፈ። «ሰውዬ፣ ጀልባህ ሞታለች። አንተ ቀብሯን ነው የምታጓትተው።»

ሴቶቹ ትዕግሥታቸው አለቀ። ሁለት ጊዜ ቀኑን ያራዘመችለት ኦክሱን ብቻ ናት፤ «እስቲ ትንሽ ጊዜ እንስጠው» ብላ። በሦስተኛው ግን የቀሩት አሥራ አንዱ እምቢ አሉ። ነገ ጀልባዋ ከጮኸች ከነገ ወዲያ የካንግ ናቸው።

ቻንሶክ የቀረችውን ጎማ ሁሉ ለጠፈ፤ ብሎኖቹን እጁ እስኪያብጥ አጠበቃቸው። ከዚያም ሊነጋጋ ሲል የብረት መንጠቆ ይዞ ጀልባዋ ጥግ ላይ ካለው የመረብ ክምር ሥር ገባ። ካንግን እጅ ከፍንጅ ሊይዘው ነው።

ሰማዩ ሲገረጣ አንድ ሰው ወደ ጀልባዋ ዘለቀ። በርከክ ብሎ ክዳኑን አነሳ። ቻንሶክ መረቡን ገልጦ ብድግ አለና ያነሳው መንጠቆ እጁ ላይ ቀረ፤ የኦክሱንን ሻሽ አወቀው።

«ሳምቹን» አላት ከጀርባዋ።

አልዞረችም።

አንድ ክንድ እስኪቀረው ተጠግቶ ባለ በሌለ ድምፁ ጠራት፤ ጀልባዎቹ ላይ ያረፉት ወፎች ብር ብለው ተነሱ፤ ኦክሱን ብሎኑን መፍታቷን ቀጠለች።