ዝምተኛው ሞተር

አባይነህ አየር መንገድ ውስጥ የሞተር ጥገና ሠራተኛ ነበር። እሑድ እሑድ ነፋስ ስልክ ባለችው ቤቱ ጴንጤዎች ይሰበሰቡበታል። ደርግ ጸሎት ቤታቸውን አሽጎባቸው ስለነበር የሚጸልዩት በሹክሹክታ ነው። ለመዝሙር ግን ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን አውሮፕላን ይጠብቃሉ። በላያቸው ሲያልፍ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ በመስኮት የሚጠብቁት እትዬ ተሾመች ገና ብቅ ሲል ድምፃቸውን ይለቁታል፣ ሌላውም ይከተላል። ጩኸቱ ሲርቅ የደረሱበት ላይ ያቆማሉ። በከተማው ስለ አውሮፕላን ጩኸት ፈጣሪን የሚያመሰግኑት እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የሚፈሩት ጎረቤታቸውን ጓድ ቡዜን ነው። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ሲሆን ከአጥሩ ወዲያ ብቻውን ይኖራል። የትም ቢውል አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ቤቱ ይገባና መስኮቱን ጥርቅም ያደርጋል። የአባይነህ ሚስት ፅጌረዳ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እኛን ሊያዳምጥ ነው ትላለች።

አንድ ሰሞን አዲስ አውሮፕላን መጣ። አባይነህ በሞተሩ ፍቅር ያዘው። ራት ላይ ለፅጌረዳ አስረዳት፦ የፊቱ ማራገቢያ በጣም ሰፊ ነው፤ አብዛኛው አየር እሳቱ ውስጥ ሳይገባ በዙሪያው ያልፍና ከኋላ የሚወጣውን ትኩስ አየር እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። የሞተሩ ሽፋን ውስጡም እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ጩኸቱን ይውጠዋል።

«ከአሮጌው ጋር ሲተያይ ሹክሹክታ በይው» አላት በኩራት።

ፅጌረዳ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። ያኔ ለእሱም ገባው።

ለሌሎቹ ሳይነግሩ የእሑዱን በረራ አሮጌው ይዞት ይቆያል ብለው ተስፋ አደረጉ። አልሆነም። በቀጣዩ እሑድ እትዬ ተሾመች አውሮፕላኑ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ብቅ ሲል በመስኮት አዩና እንደ ልማዳቸው ለቀቁት። ሁሉም ተከተለ። አውሮፕላኑ እንደ ነፋስ ሽው ብሎ አለፈ፤ መዝሙሩ ብቻውን ሰፈሩ ላይ ቀረ። አባይነህ እጁን ሲያወራጭ ዝም አሉ። አንድ ወፍራም ድምፅ ግን ጥቂት ዘግይቶ ነው የቆመው። ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም፤ በሩ ተንኳኳ።

ጓድ ቡዜ ካኪውን እንደለበሰ ቆሟል። አባይነህን ለብቻው ጠራው። ፅጌረዳ ሹራብ ደረበችለት፤ እስር ቤት ይበርዳል።

አጥሩ ጥግ ሲደርሱ ቡዜ ስለ አውሮፕላኑ ጠየቀው። አባይነህ አዲስ መሆኑን ነገረው። አሮጌው ወደ እሑዱ በረራ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀው፤ እንደማይመለስ ነገረው። ይህኛውስ ትንሽ እንዲጮህ ማድረግ አይቻልም ወይ አለው። አባይነህ ግራ እየገባው ማራገቢያውን፣ ቀዝቃዛውን አየር፣ የማር እንጀራውን አንድ በአንድ አስረዳ።

ቡዜ ኮፍያውን አወለቀና ሰማዩን ብዙ አየ።

«ታዲያ እኔ ከእንግዲህ የት ልዘምር?» አለው።