የኩሬዋ ጠብታ

የሳይንስ አስተማሪዋ ካቬሪ ጥጡን እንደያዘች እጇ አየር ላይ ቀረ። ማይክሮስኮፑ ሥር፣ ስስ ብርጭቆ ላይ ያለችውን የኩሬ ውሃ ጠብታ ልትጠርግ ስትል የቲቤት ቡድሂስት ገዳሙ ሽማግሌ መምህር፣ በሊቅነት ማዕረጋቸው ገሼ የሚባሉት ጃምፔል፣ «ተይ!» ብለው ጮኹባት። ዓይናቸው ገና ከመሣሪያው አልተነሳም። ጠብታዋ ውስጥ ባለብዙ እግር ፍጡራን ሲርመሰመሱ አይተዋል፤ እሳቸው ደግሞ ነፍስ እንዳያጠፉ ዕድሜ ልካቸውን ውሃ በጨርቅ አጥልለው የጠጡ መነኩሴ ናቸው።

«ለካ ጨርቁ ሲያሾፍብኝ ኖሯል!» አሉ። «ማን ያውቃል፣ ከነዚህ አንዷ ባለፈው ሕይወቴ እናቴ ብትሆንስ?»

«ታዲያ እናትህ ያን ሁሉ እግር ይዘው፣ ልጅ ሳለህ አንተን ሮጠው መያዝ እንዴት አቃታቸው?» አሉ ተራ የሚጠብቁት የክርክር ባላጋራቸው፣ ገሼ ቴንፓ። ክፍሉን የሞሉት መነኮሳት በሳቅ ፈነዱ።

ገሼ ጃምፔል ግን አልሳቁም። ብርጭቆዋን በሁለት መዳፋቸው ይዘው፣ ጸሎት እያነበነቡ ወደ ኩሬው ወጡ። ካቬሪ ወደ መስኮቱ ፈጠነች። የሳይንስ ትምህርቱ ገና ዛሬ ጠዋት መጀመሩ ነው፤ እሳቸው ፊታቸውን ካዞሩ ደግሞ አንድም መነኩሴ አይቀርላትም። በመስኮት ስታይ ብርጭቆዋን ውሃው ውስጥ ነከሩና እጅ ነሱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ኩሬውን ረዘም ላለ ጊዜ አነጋገሩት።

ሲመለሱ ልብሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው፣ ሊሮጡ ምንም አልቀራቸውም። ሰልፉን ጥሰው ገቡና ውሃ የሚንጠባጠብባትን ብርጭቆ አስጨበጧት።

«እነዚያን አገራቸው አስገብቻቸዋለሁ» አሉ እያለከለኩ። «እነዚህ ግን ተጠይቀው በፈቃዳቸው የመጡ ናቸው። ቶሎ በይ እንጂ ልጄ፣ ሳይሰለቻቸው እንያቸው!»